ዛፉ ተሸጦ ሸሁ ምርቃት

መርሳ ላይ ማንጎ ገዝቶ ምርቃት ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው ወይ አሞታል። ጤነኛው ገዢ ዋጋ ይከራከራል፣ ይምላል፣ ጥሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላም ዘንቢሉን እንደከፈተ ይቆማል። ሻጯም ለምን እንደቆመ ታውቃለች። «በል ውሰድ፣ ባዶ እጄን ልታስገባኝ ነው!» እያለች ሁለት ሦስት ፍሬ ትጨምርለታለች። ሁለቱም በልባቸው «በላሁት» እያሉ ይለያያሉ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መኪና በቆመ ቁጥር ማንጎ በመስኮት የምታቀብለው ለይላ ደግሞ በዚህ ነገር ስሟ የገነነ ነው። ከጎረቤቶቿ ሁልጊዜ አንድ ፍሬ አስበልጣ ስለምትመርቅ ሹፌሮቹ እሷ ፊት ለፊት ነው የሚያቆሙት። ልጇ ዙልፋ ከዘንቢሉ አጠገብ ተቀምጣ ይህንኑ እያየች አደገች። ቁጥር ሳታውቅ መመረቅ አወቀች፤ ኋላ የመጣባት መዘዝም ከዚሁ የመጣ ነው።

ዙልፋ ዛሬ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ፎቶ ቤት ከፍታለች። ሙያውን የተማረችው ወልድያ ውስጥ ኪሩቤል የሚባል ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጥራ ነው። ኪሩቤል የቀጠራት አዝኖላት እንዳይመስላችሁ። በሙስሊም ሠርግ ሙሽራዋ ካለችበት ከሴቶቹ ክፍል ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባም፤ ስለዚህ ግማሹ ሠርግ ሳይነሳ፣ ግማሹም ገንዘብ ሳይገባ ይቀርበት ነበር። ዙልፋ ገባችለት። ሴቶቹ ሂጃባቸውን አውልቀው ሲጨፍሩ አነሳች፤ ያነሳችውንም ከባለቤቶቹ በቀር አንድም ዓይን ሳያየው አስረከበች። ከዚያ ወዲህ ከሐራ እስከ ውርጌሳ ልጅ የምትድር እናት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዙልፋ ትገኛለች?» ብላ ሆነ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ የኪሩቤል ቤት ከነካሜራው ሲዘረፍ የዙልፋም እንጀራ አብሮ ሄደ። ግን ስም አይዘረፍምና፣ እናቷ እቁቧን ስታወጣ አንድ ያገለገለ ካሜራ ተገዝቶ በዚያው ስም መርሳ ላይ እንደገና ተጀመረ።

ፎቶ ቤቷም የእናቷን ሕግ ወረሰ። ለመታወቂያ አራት ጉርድ ያዘዘ ሰው አምስት ይዞ ይወጣል። ሙሽራ አልበሟን ስትረከብ ከላዩ አንድ ትልቅ ፎቶ ታገኛለች። ኪሩቤል ይህን ሲሰማ «ወረቀት በነጻ የሚመጣልሽ አስመሰልሽው» ብሎ ይቆጣታል፤ እሷ ግን ትስቃለች። ደንበኛ እየበዛላት ማን ይቆጣጠራታል?

አንድ የግንቦት ቀን ከመርሳ ወደ ግራና መንደር ወረደች። እዚያ ሰፊ የማንጎ ማሳ ያላቸው ሸህ አብዱልሐሊም «ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ፎቶ አንሺኝ» ብለው ልከውባት ነበር። ሸህ አብዱልሐሊም በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። በወሰን የተጣላ፣ በውኃ ተራ የተካሰሰ ሁሉ እሳቸው ፊት ነው የሚቀርበው። ፊታቸው ለዚሁ የተሠራ ይመስላል፤ ጥርሳቸውን ያየ ሰው ጥቂት ነው፣ እርግጥ የቀሩት ጥርሶችም ጥቂት ናቸው። ያን ቀን ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ግርማ ሞገሳቸውን ተላብሰው ፎቶ ተነሱ። ዙልፋ ጨርሳ የማሳውን ዛፎች ማንሳት ስትጀምር ሸሁ ጥላው ሥር ተቀምጠው አንድ የበሰለ ማንጎ መብላት ያዙ። ባለቤታቸው እማማ ራህመት ከወዲያ ሆነው አዩዋቸውና «አንተ ሰውዬ፣ ማንጎውንም ልታስታርቀው ነው እንዲህ ፊትህን የምታኮሳትረው?» አሉ። ሸሁ ሳቁ። አፋቸውን ከፍተው፣ ጭማቂው በነጩ ጢማቸው እየወረደ፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው ብቻቸውን ቆመው ሳቁ። ዙልፋ ዞር ብላ አነሳቻቸው። እሳቸው አላወቁም፤ እሷም የታዘዘችውን የጥምጥሙን ፎቶ አሳጥባ አስረከበችና ሳቁን ኮምፒውተሯ ውስጥ አስቀረችው።

ከማሳው ፎቶዎች አንዱን፣ ፍሬ የከበደውን ትልቁን ዛፍ፣ በቴሌግራም ገጿ ላይ ለጠፈችው። ብዙ ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ሮቤል የሚባል ሰው ደወለ። የአንድ ጭማቂ ፋብሪካ የማስታወቂያ ኃላፊ ነው። ያን ዛፍ ለፋብሪካው የቀን መቁጠሪያ ፈልጎት ኖሮ «ስንት ትሸጪልናለሽ?» አላት። ዙልፋ ግራ ገባት። የጉርድ ፎቶ ዋጋ ታውቃለች፣ የሠርግ ታውቃለች፤ የዛፍ ዋጋ ግን ማን ነግሯት? ልደውልልህ ብላ በማግስቱ ወልድያ ኪሩቤል ጋ ሄደች።

ኪሩቤል በዚህ ነገር የተቃጠለ ሰው ነው። ያኔ ወጣት ሳለ አንድ የተራራ ፎቶ ለአንድ ነጋዴ በምሳ ዋጋ ሰጥቶ፣ ያው ተራራ ዛሬ በየሆቴሉ ግድግዳና በየአውቶቡሱ ጎን ተለጥፎ ያየዋል። ባየው ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

«ስሚኝ» አላት። «ለጉርድ ፎቶ የምታስከፍዪው ወረቀቱን ነው። ለንግድ ስትሰጪ ግን የምታስከፍዪው ፈቃዱን ነው፤ ቤት እንደማከራየት ቁጠሪው። ማነው የሚገባው? ለስንት ጊዜ? ሊኖርበት ነው ወይስ ወፍጮ ሊተክልበት? ለሌላ ሰው አሳልፎ ማከራየት ይችላል? መቶ ወረቀት ላይ የሚወጣና መቶ ሺህ ላይ የሚወጣ አንድ አይደለም። ይህን ሁሉ ሳትጠይቂ ዋጋ ከጠራሽ ቤቱን ከነቁልፉ አስረከብሽ ማለት ነው።»

ዙልፋ ገባት። ለሮቤል ደውላ «ፎቶዬን አልሸጥም፤ አከራያለሁ» አለችው። ለቀን መቁጠሪያ ብቻ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ስሟ ከሥሩ ተጽፎ። ሮቤል ዋጋውን ሲሰማ «ኧረ እህቴ!» ብሎ ጮኸ። «በል ቅር» አለችው። ስልኩን ዘጋ። ከሰዓት መልሶ ደወለ። የማንጎ ገዢ ልጅ አይደለችምና፣ የማንጎ ሻጭ ልጅ ናትና፣ ሄዶ የሚመለስ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ተስማሙ፤ ውሉን ላከላት፣ ገንዘቡም ገባ። ያን ቀን ዙልፋ በደስታ መሬት አልበቃት አለ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር በእንዲህ ያለ ዋጋ ተስማምታ አታውቅም።

እዚህ ላይ ነው እጇን የበላት። ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ብሎ መለያየት ነውር መሰላት። የዛፉን ፎቶ ስትልክ ሌሎች ሦስት ጨመረችበትና «እነዚህን ደግሞ መርቄልሃለሁ» ብላ ጻፈች። ከሦስቱ አንዱ የሸህ አብዱልሐሊም ሳቅ ነበር። ሮቤል የቀይ ልብ ምልክት ላከላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አበው፤ ከቴሌግራም የወጣውንማ ምን ብለው ይጠሩት ይሆን!

ዓመቱ ሊገባደድ ሲል አዲስ የማንጎ ጭማቂ መርሳ ገባ፣ ባለ ስትሮዋ ትንሽ ካርቶን። ዙልፋ ሱቅ ገብታ ስልኳን ካርድ ልትሞላ ስትል መደርደሪያው ላይ ሸህ አብዱልሐሊም ተሰልፈው አየቻቸው። ከላይ እስከ ታች፣ ጢማቸው ማንጎ እንደነካ፣ ሁለቱን ጥርሳቸውን አውጥተው ይስቁባታል። ክው አለች። ዛፉ የለም። በዋጋ የተከራየው ዛፍ ካርቶኑ ላይ የትም የለም።

እሷ ሱቅ ውስጥ ደርቃ ስትቆም ነገሩ ግራና ላይ ቀድሟት ፈንድቶ ነበር። ሸሁ ሁለት በወሰን የተጣሉ ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ተቀምጠው እንቢ ያሉ ናቸው። ሙቀቱ በርትቶ ነበርና አንደኛው ባላጋራ ከኪሱ ጭማቂ አውጥቶ ስትሮውን ሰካ። ሌላኛው ካርቶኑን አየ፣ ሸሁን አየ፣ እንደገና ካርቶኑን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። የያዘውም ገልብጦ አይቶ ሳቀ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ሸህ አብዱልሐሊም አንዱን ካርቶን ተቀብለው ፊታቸውን አዩና ተነስተው ሄዱ። ሽምግልና ጥለው ሲሄዱ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ዙልፋ ግራና ወርዳ ደጃቸው ደረሰች። «አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ልጄ፣ ሸጥሽኝ?»

«ወላሂ አልሸጥኩዎትም!»

«ሰረቁሽ ታዲያ?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «አልሰረቁኝም። ዛፉን ነው በዋጋ የሰጠኋቸው። እርስዎን… በምርቃት ጨምሬ ነው።»

እማማ ራህመት ከቤት ውስጥ ሰምተው ኖሮ «ሱብሐነላህ!» እያሉ ብቅ አሉ። «ዛፉ ተሸጦ አንተ ምርቃት ሆንክ?»

ሸሁን ያቆሰለቻቸው ይህች ቃል ናት። «ብትሸጪኝ ይሻል ነበር!» ብለው ጮኹ። «የተሸጠ እንኳ ዋጋ ወጥቶለታል። ሰባ ዓመት ሰው ስሆን ኖሬ የማንጎ ዛፍ ማሟያ ሆንኩ?»

«አፉ ይበሉኝ፣ አባባ።»

«አፉ የምልሽ ፊቴን ስትመልሺልኝ ነው» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

የሸሁ ቃል ከግራና መርሳ ለመድረስ ባጃጅ አላስፈለገውም። ገበያ ላይ ካሜራዋን ስታነሳ ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ እየጎተቱ «በምርቃት እንዳትሰጪን!» ይሏት ጀመር። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ ያማል። ልጇን ልትድር የነበረች አንዲት እናት ቀብዷን መልሳ ወስዳ ሄደች። «አንቺን ጠልቼ አይደለም» አለቻት፣ «ልጄን ለሳሙና እንዳትመርቂያት ፈርቼ ነው።» ሌላዋም ተከተለች። ዙልፋ ፎቶ ቤቷን ከውስጥ ዘግታ አለቀሰች። ካሜራ ቢዘረፍ እቁብ አለ። የሴቶች ክፍል በር አንዴ ከተዘጋ ግን በምን እቁብ ይከፈታል?

ለኪሩቤል ደወለች። መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ድምጿን ሲሰማ ተወው። «ሕጉም እኮ የሰውየውን ፈቃድ ይጠይቃል» አላት። «ፎቶው ያንቺ ቢሆንም መልኩ የሱ ነው። ሳያስፈቅዱ ማተማቸው ጥፋት ነው፤ ሳታስፈቅጂ መስጠትሽም ጥፋት ነው።» ለሮቤል ደወለች። እሱም ግራ ገብቶት «ራስሽ አይደለሽም እንዴ በነጻ የላክሽው?» አላት።

«ምርቃት ነው ያልኩህ።»

«እና ምርቃት ነጻ አይደለም?»

ማታ እናቷን «እማ፣ በመረቅሽው ማንጎ ሱቅ የከፈተብሽ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ለይላ ልጇ ያበደች መሰላት። «ምርቃት ይበላል እንጂ ይነገድበታል እንዴ?» አለች። ዙልፋ እናቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻት።

አዲሱ ዓመት ገብቶ ማንጎው እንደገና ሲበስል፣ ሮቤል ከፋብሪካው ፍሬ ገዢዎች ጋር ግራና መምጣቱን ስትሰማ «ከአንድም ገበሬ ጋር ሳትነጋገር ሸህ አብዱልሐሊም ማሳ ና» ብላ ላከችበት። መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሸሁን በአካል ሲያይ የድሮ ዘመድ ያገኘ ያህል ሮጦ ትከሻቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «ካርቶኑ በእርስዎ ነው የተወደደው!» አላቸው። «ዛፉን ሞከርነው፣ ማንም አላየውም።» እማማ ራህመት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሸሁ ፊታቸው አልተፈታም። «ዛሬ ከሳሽ ነኝና አልሸመግልም፤ ራህመት ትዳኝ» ብለው ከጥላው ዳር ተቀመጡ። እማማ ራህመት መሀል ገብተው «ተናገሪ ልጄ» አሏት።

«ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አለች ዙልፋ። «እኔ ሸሁን ሳላስፈቅድ ሰጠሁ፤ አንተ ሳትጠይቅ አተምክ። ምርቃት ከገዙት ነገር ጋር ነው የሚሄደው። የገዛኸኝ ለቀን መቁጠሪያ ነው፤ የመረቅኩህም ለዚያው ነው። ማንጎ የተመረቀለት ሰው ይበላዋል እንጂ ሱቅ አይከፍትበትም። አሁን ያለን ሁለት መንገድ ነው። ወይ ፊታቸው ከካርቶኑ ይወርዳል፣ ወይ እንደ አዲስ እንዋዋላለን። ምርጫው ግን ያንተም የኔም አይደለም፤ የሳቸው ነው።»

ታትመው የተከመሩት ካርቶኖች በሮቤል ዓይን ሳይሄዱ አልቀረም። «አለመጠየቃችን ነውር ነው፣ አባቴ» አለ ቀስ ብሎ። ሸሁ ይውረድ ቢሉ የዙልፋ ገንዘብም ይቀራል፤ እሷ ግን ገንዘቡን ረስታዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ሸሁ እንደገና ቀና ብለው እንዲያዩዋት።

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። «እነዚያ በወሰን የተጣሉት» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ተቆጥቼ ከሄድኩ በኋላ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? በኔ ጢም አብረው ሲስቁ ቆይተው እዚያው ተሳሳሙ። ዱዓ እንኳ ሳላደርግላቸው። ወሰኑንም ራሳቸው አካለሉት። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ተኮሳትሬ ስለምቀመጥ ኖሯል ለካ እነሱም የሚኮሳተሩት!» ካርቶኑን አገላበጡ። «አላህ ሳይደግስ አይጣላም። ይቆይ። ግን በነጻ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ያለው የዙልፋ ሥራ ነበር፤ ሠራችውም። ስንት ካርቶን እንደሚታተም ጠየቀች፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ጠራች። ለአንድ ዓመት፣ ካርቶን ላይ ብቻ፤ ለመንገድ ሰሌዳና ለቴሌቪዥን ሌላ ውል፤ ለሌላ ድርጅት አሳልፎ መስጠት የለም። ሮቤል «ለሌላ ጭማቂ ግን እንዳትሰጪው» ሲል ለዚያም ዋጋ ጨመረችበት። እስካሁን ለተሸጠውም አስከፈለችው። ሮቤል «ኧረ እህቴ!» አለ፤ ተነሳ፤ እስከ መኪናው ሄደ፤ ተመለሰ።

«ክፍያው በእኩል ነው፣ አባባ» አለች ወደ ሸሁ ዞራ። «መሬት ያለው መሬቱን፣ በሬ ያለው ጉልበቱን አምጥቶ ምርቱን እኩል እንደሚካፈለው ነው። ፊቱ የርስዎ፣ ድካሙ የኔ።»

«ዘሩስ?» አሉ ሸሁ።

«ያሳቁት እማማ ራህመት ናቸው፤ ዘሩ የሳቸው ነው።»

«እንግዲያው የዘሬ ከሁለታችሁም ይነሳልኛል!» አሉ እማማ ራህመት፤ ይህም ውሉ ላይ ገባ።

ተፈራርመው ሲያበቁ ሮቤል ላፕቶፑን አቀፈና ቆመ። አልሄደም። ከሰው መማር ይችላል ማለት ነው። «ምርቃትስ?» አለ።

ሁሉም ዙልፋን አዩዋት። የእናቷ ልጅ ናትና እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፤ ደርሶ ቆመ። ቀና ብላ ዛፉን አየች። ሸህ አብዱልሐሊም ራሳቸው ተነስተው ከቅርንጫፉ ሦስት የበሰሉ ፍሬዎች ቀጠፉና በሮቤል መዳፍ ላይ አስቀመጡለት።

«ይህ የሚበላ ነው» አሉት፣ «እንዳታትመው።»

ያን ቀን «አፉ ብዬሻለሁ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ዙልፋም ልትጠይቃቸው አልደፈረችም። በማግስቱ አንድ የፈቃድ ወረቀት አዘጋጀች፤ ከዚያ ወዲህ ፎቶው ከባለቤቱ እጅ የሚወጣ ከሆነ የሚነሳው ሰው ያንን ሳይፈርምላት ካሜራዋ አይከፈትም። ጉርድ ፎቶ ላይ ግን አምስተኛዋን መጨመር አልተወችም። ኪሩቤል ዛሬም ይቆጣታል።

በገበያ ቀን መርሳ ሰው ጢም ብሎ ሳለ ሸህ አብዱልሐሊም ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው በመናኸሪያው በኩል መጡ። ለይላ የያዘችው ማንጎ እጇ ላይ ቀረ። ቀብዷን የወሰደችው እናትም ከዘንቢሎቹ መሀል ቆማ ታያለች። ሸሁ ወደ ዙልፋ ፎቶ ቤት ገቡ፣ በሩንም ክፍት እንደሆነ እንዲቆይ አዘዙ፣ ወንበሩ ላይም በሰው ፊት ተቀመጡ። ዙልፋ ካሜራዋን አነሳች።

«ቆይ» አሉ ሸሁ፣ ውጭ ያለው ሁሉ እንዲሰማቸው ድምጻቸውን ከፍ አድርገው። «መጀመሪያ እንነጋገር እንጂ። የትኛውን ፊት ነው የምትፈልጊው? ዋጋቸው ይለያያል።»